ሸክላን እንደገና ማዳመጥ፦ ከአንድ ገጽ ይጀምሩ

አጎቴ ሲያርፉ 34 ሸክላዎች ለእኔ ደረሱ። ማጫወቻቸው ከእርሳቸው ቀድሞ ተበላሽቶ ስለነበር ሸክላዎቹ በካርቶን እንደታሰሩ ሦስት ዓመት ከቁም ሣጥን በላይ ተቀመጡ። በእነዚያ ዓመታት ሙዚቃ አልቸገረኝም፤ የፈለግሁት ዘፈን ሁሉ በስልኬ ነበረ። አንድ ምሽት ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ20 የማያንሱ ዘፈኖች ጀምሬ አንዱንም ሳልጨርስ መቅረቴን አስተዋልኩ። የሰማሁትን ለማስታወስ ብሞክር አንድም ዜማ አልመጣልኝም። በማግስቱ ካርቶኑን አወረድኩት።

ይህን የምጽፈው ከቤተሰቡ ሸክላ ለወረሰ፣ ድሮ ያዳምጥ ለነበረና ለተወ፣ ወይም ገና ለመጀመር ለሚያስብ ሰው ነው። ስለ ሸክላ የሚሰጠው አብዛኛው ምክር ከዕቃ ግዢ ይጀምራል። እኔ ከማዳመጥ መጀመር ይሻላል ባይ ነኝ። አንድን ገጽ ከዳር እስከ መሃል በእርጋታ የሰማ ሰው ምን ዓይነት ዕቃ እንደሚያስፈልገውና የትኛውን ሸክላ መግዛት እንዳለበት ጆሮው ይነግረዋል። የራስዎ ማጫወቻ ከሌለዎት ካለው ሰው ዘንድ ሄደው፣ አብረው ተቀምጠው ይጀምሩ።

አንዱን ገጽ ሦስት ምሽት

ዛሬ በብዛት የምናገኘው ባለ 30 ሴንቲ ሜትሩ ኤልፒ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው፤ ያቀረበውም ኮሎምቢያ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነበር። ከዚያ በፊት የነበሩት፣ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞሩት ሸክላዎች በአንድ ገጻቸው የሚይዙት ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ሙዚቃ ብቻ ነው። ኤልፒ ዙሩን ወደ 33⅓ ዝቅ አድርጎ፣ ትልሙንም አቅጥኖ፣ አንዱን ገጽ ወደ 22 ደቂቃ አደረሰው። ትልም የምለው መርፌዋ የምትሄድበትን መስመር ነው፤ ማረሻ ያለፈበትን መሬት ስለሚያስታውሰኝ ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁለትም። 22 ደቂቃ ማለት 730 ያህል ዙር ነው፤ ትልሙ ግን አንድ ብቻ ነው፣ ከዳር ተነሥቶ እየተጠመጠመ መሃል ይደርሳል። ተፈትቶ ቢዘረጋ ከ450 ሜትር ይበልጣል።

ይህ ርዝመት ለሙዚቀኞች አዲስ ነገር አመጣ። የትኛው ዘፈን ገጹን ይክፈት፣ የትኛው ይዝጋው፣ ሸክላው ሲገለበጥ አድማጩን ምን ይቀበለው ብለው ማሰብ ጀመሩ። የሸክላው ተፈጥሮም በዚህ ምርጫ ውስጥ ገብቷል። ሸክላው የሚቀመጥበት ሳህን የሚዞርበት ፍጥነት ባይለወጥም፣ መርፌዋ ከዳር አካባቢ በሰከንድ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ስትጓዝ፣ ከመሃል አጠገብ የምትጓዘው 20 ገደማ ብቻ ነው። እዚያ ድምፁ በጠባብ ቦታ ስለሚታጨቅ ቀጫጭን ድምፆች፣ በተለይ የዘፋኙ «ስ» እና «ሽ»፣ ትንሽ ሊሻክሩ ይችላሉ። ብዙ አዘጋጆች ለዘብ ያለውን ዘፈን ከገጹ መጨረሻ ማስቀመጥ የመረጡበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ቅደም ተከተሉን ሳያዛቡ የማዳመጥን ጥቅም ያስተማረኝም ይኸው ነው።

እንግዲህ አንድ ገጽ ይምረጡ። ስልክዎን ሌላ ክፍል ይተዉት። ሸክላውን በሁለት መዳፍዎ ከጠርዙ ብቻ ይያዙ፤ የጣት ቅባት ትልም ውስጥ ገብቶ አቧራ ይይዛል። ሳህኑ ላይ ያኑሩት፣ ያስጀምሩት፣ መርፌዋን የያዘውን ክንድ ከዳር በላይ ያምጡትና ማንሻውን ዝቅ ያድርጉት። መርፌዋ ወዲያው አትነካም፤ በዘይት ውስጥ እንዳለች ሁሉ እየተንሳፈፈች ትወርዳለች። ከዚያ «ዱብ» የምትል ትንሽ ድምፅ ትመጣለች። ቀጥሎ ሁለት ሦስት ዙር የሚቆይ ስስ ሽውታ ይሰማል። በዚያች ሽውታ ውስጥ ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ ሰውም ጸጥ ይላል። እኔ የሸክላን ደስታ መልሼ ያገኘሁት በእነዚያ አራት አምስት ሰከንዶች ውስጥ ነው፤ የሚመጣውን ነገር መጠበቅ የሚባለውን ስሜት ረስቼው ኖሬ ነበር።

በመጀመሪያው ምሽት ምንም ሳይመራመሩ ገጹን ሙሉ ይስሙት። በሁለተኛው ምሽት ያንኑ ገጽ ደግመው ቤዝ ጊታሩን ብቻ ይከተሉ። በሦስተኛው ምሽት ደግሞ በዘፈኖቹ ውስጥ ያሉትን ክፍተቶች ያዳምጡ፦ ዘፋኟ አየር የምትስብበትን፣ የፒያኖው ድምፅ እየሞተ የሚሄድበትን፣ ሳክስፎኑ ከመግባቱ በፊት ነፊው ትንፋሹን የሚሰበስብበትን። መሃል ላይ መርፌዋን አያንሱ። የማይወዱት ዘፈን ቢመጣም ይታገሡት፤ በሦስተኛው ምሽት ከሁሉ አብልጬ የወደድኩት በመጀመሪያው የሰለቸኝን የሆነበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

አንድ ደብተር ያዘጋጁ። እኔ ቀኑን፣ የሸክላውን ስም፣ የሰማሁትን ገጽና አንድ መስመር አስተያየት እጽፋለሁ። ከአንድ መስመር አያስበልጡት፤ ካስበለጡት በሳምንቱ ይተዉታል። ይህ ደብተር በኋላ ለብዙ ነገር ስለሚያገለግል ከመጀመሪያው ቀን ይጀምሩት።

መርፌዋ ምን ትሠራለች?

ትልሙ እንደ «V» ፊደል ሁለት ግድግዳዎች አሉት። እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ ለሽያጭ በተስፋፉት ስቴሪዮ ሸክላዎች አንዱ ግድግዳ የግራውን፣ ሌላው የቀኙን ስፒከር ድምፅ ይይዛል። የመርፌዋ ጫፍ አልማዝ ነው። በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል እየተንቀጠቀጠች ስትሄድ፣ ንቅናቄዋ እርሷ በምትገጠምበት፣ ካርትሪጅ በሚባለው ትንሽ ዕቃ ውስጥ ባሉት ማግኔትና ጥቅል ሽቦዎች አማካይነት ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጣል። መርፌዋ ሙዚቃን ከቆሻሻ አትለይም። ያነቃነቃት ነገር ሁሉ ድምፅ ነው።

ይህን ማወቅ ችግር ለመለየት ይረዳል። በ33⅓ አንድ ዙር 1.8 ሰከንድ ይፈጃል። «ጠቅ» የሚለው ድምፅ በ1.8 ሰከንድ ልዩነት፣ እንደ ሰዓት ሳይዛነፍ ከተደጋገመ ትልሞችን አቋርጦ ያለፈ ጭረት አለ፤ ማጽዳት አያድነውም። ያለ ሥርዓት እዚህም እዚያም የሚንጣጣ ከሆነ አቧራ ወይም የቆየ እድፍ ሊሆን ስለሚችል ተስፋ አለው። በሁሉም ሸክላዎች ላይ የሚሰማ ከሆነ ጥፋቱን ከሸክላው አይፈልጉ፤ መርፌዋን ይመርምሩ።

ማጫወቻውን ማስተካከል

እዚህ ላይ የሠራሁትን ስሕተት ልናገር፣ ሌላ ሰው እንዳይደግመው። ያገለገለ ማጫወቻ በገዛሁ ሰሞን መርፌዋ እየዘለለች አስቸገረችኝ። አንድ ሰው በክንዱ ራስ ላይ ሳንቲም አድርግ አለኝ፤ አደረግሁ። መዝለሉ ቆመ። ከጥቂት ወራት በኋላ ከአጎቴ ሸክላዎች አንዱ፣ እርሳቸው አዘውትረው የሚሰሙት፣ ነሐስ ነሐስ ይል የነበረው መለከቱ እንደ አሮጌ ቆርቆሮ ሆነ። ሳንቲሙን በትንሽ ሚዛን ብለካው 6 ግራም ሆኖ አገኘሁት። ያች መርፌ የምትሸከመው 2 ግራም ብቻ ነበር። የትልሙን ግድግዳ በየምሽቱ እየፋቅሁት ኖሬአለሁ። ያ ድምፅ አይመለስም። የመዝለሉ ምክንያት ደግሞ ጠረጴዛው ያዘነበለ መሆኑና ከክንዱ ጀርባ ያለው ክብደት ከቦታው መንሸራተቱ ነበር፤ ሁለቱን ለማስተካከል ሩብ ሰዓት በቂ ነው።

መጀመሪያ ማጫወቻው የሚቀመጥበት ነገር የማይነቃነቅ ይሁን። ውኃ ልክ ሳህኑ ላይ አድርገው በቁመትም በአግድምም ይለኩ። ስፒከሮቹን በዚያው ጠረጴዛ ላይ አያስቀምጡ፤ ንዝረታቸው በመርፌዋ በኩል ተመልሶ ይገባና ድምፁን ያጎራብጠዋል። ቀጥሎ ክንዱን ያመዛዝኑ። የመርፌዋን መከላከያ ያውልቁ። ክንዱን ወደ መሃል የሚስበውን ኃይል የሚቃወመው ማስተካከያ፣ አንቲ ስኬቲንግ የሚባለው፣ ዜሮ ላይ ይሁን። መርፌዋ ምንም እንዳትነካ ክንዱን በእጅዎ እየጠበቁ፣ ከጀርባ ያለውን ክብደት ቀስ እያሉ ያዙሩ። ክንዱ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል በአየር ላይ የሚንሳፈፍበት ነጥብ አለ፤ እፍ ቢሉበት ይወዛወዝና ወደዚያው ይመለሳል። ያን ጊዜ በክብደቱ ላይ ያለውን ባለ ቁጥር ቀለበት ብቻውን አዙረው ዜሮ ላይ ያምጡት። አሁን ክብደቱንና ቀለበቱን አንድ ላይ አዙረው የካርትሪጁ አምራች ባዘዘው ቁጥር ላይ ያቁሙ፤ ለብዙዎቹ ከ1.5 እስከ 2 ግራም ነው። አንቲ ስኬቲንጉንም በዚያው ቁጥር ያድርጉት።

ካዘዘው በታች ማቅለል ሸክላውን ያድነዋል ብለው እንዳያስቡ። የቀለለች መርፌ በጉልህ ድምፅ ላይ ከግድግዳው እየተላቀቀች መልሳ ስለምትመታው እርሷም ታበላሸዋለች።

ሌላው ጀማሪን የሚያደናግረው ፎኖ የሚባለው መግቢያ ነው። ከካርትሪጁ የሚወጣው ኃይል ጥቂት ሺኛ ቮልት ብቻ ነው። በዚያ ላይ ሸክላው ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ይጨመራል፤ አለዚያ ወፍራሙ ድምፅ ትልሙን እያወዛወዘ ቦታ ይጨርሳል፣ ቀጭኑም በሽውታው ይዋጣል። ሲጫወት ይህ በተቃራኒው መመለስ አለበት። መጠኑ እ.ኤ.አ. ከ1954 ወዲህ በአሜሪካ የቀረጻ ኢንዱስትሪ ማኅበር ደንብ ወጥቶለታል። ይህን ሥራ የሚሠራው የፎኖ ማጉያ ነው። በአንዳንድ አምፕሊፋየሮችና ማጫወቻዎች ውስጥ አብሮ ይመጣል፣ ካልመጣ ለብቻው ይገዛል። ተራ መግቢያ ላይ የሰኩት ማጫወቻ ድምፁ ሩቅና ኮስማና ሆኖ ሲሰማዎት ዕቃው ተበላሽቶ አይደለም።

ሞተሩ በቺንጋ ሳህኑን ቢያዞር ወይም በቀጥታ ቢያዞር ለጀማሪ ብዙ ለውጥ የለውም። ቺንጋ ጸጥተኛ ነው፣ በዓመታት ይላላና ይቀየራል፤ ቀጥተኛው ፍጥነቱን ቶሎ ይይዛል። ትንሿን የሻንጣ ማጫወቻ ግን አልመክርም። ብዙዎቹ ክብደታቸው አይስተካከልም፤ ስፒከራቸውም ከመርፌዋ ጋር በአንድ ሳጥን ውስጥ ይንቀጠቀጣል።

ያገለገለ ሸክላ ሲገዙ

ሸክላውን ሳያወጡ አይግዙ። እኔ አንድ ጊዜ በሽፋኑ ተማርኬ ገዝቼ ቤት ስደርስ ከውስጡ የወጣው የሌላ ሰው ሙዚቃ ነበር። አውጥተው ከመብራት በታች ይያዙትና ቀስ እያሉ ያዘንብሉት። ጤነኛ ሸክላ እንደ ታሸ ጥቁር ቆዳ ያብረቀርቃል፤ በብዙ መጫወት ያለቀው ግራጫ ይሆናል። በመብራቱ ሙዚቃውን በዓይን ማየት ይቻላል፤ ጉልህ ክፍሎቹ ሸካራና ፈዘዝ ብለው፣ ለስላሳዎቹ ለስለስ ብለው ይታያሉ፣ በዘፈኖች መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ ሰፋ ያለ መስመር ነው። ጭረት ካገኙ ጥፍርዎን በቀስታ ያሳልፉበት፤ ጥፍር ካልያዘው ላይሰማ ይችላል፣ ከያዘው ግን በእርግጠኝነት ይሰማል። በመሃሉ ቀዳዳ ዙሪያ ያለውን ወረቀትም ይመልከቱ፦ ቀዳዳውን ሲስቱ የተፈጠሩ ቀጫጭን መስመሮች ከበዙ ሸክላው ብዙ ጊዜ ተጫውቷል። በመጨረሻ ሸክላውን በዓይንዎ ትይዩ አድርገው ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ይዩት፤ መጣመሙን እንዲህ ያውቃሉ።

ሻጮች በርቀት ሲሸጡ የሚጠቀሙባቸው የደረጃ ስሞች አሉ፤ ከ«ሚንት» ይጀምርና በ«ኒር ሚንት»፣ «ቬሪ ጉድ ፕላስ»፣ «ቬሪ ጉድ» እያለ ይወርዳል። ስማቸው እንዳያታልልዎት። «ጉድ» የተባለው ሸክላ በእውነቱ የተጎሳቆለ ነው። ለማዳመጥ ከሆነ ከ«ቬሪ ጉድ ፕላስ» በታች የምወርደው ሌላ ላላገኝለት ሸክላ ብቻ ነው።

ከመጨረሻው ዘፈን በኋላ፣ ከወረቀቱ አጠገብ ባለው ባዶ ቦታ ላይ የተጫሩ ቁጥሮችና ፊደላት አሉ። ማትሪክስ ይባላሉ። የትኛው እትም እንደሆነ ከሽፋኑ ይበልጥ የሚናገሩት እነርሱ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረው ዲስኮግስ የተባለው መዝገብ ላይ ፈልገው ማመሳከር ይችላሉ። አዲስ የሚታተሙትም አይናቁ። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ ከሸክላ የተገኘው ገቢ ከ1986 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሲዲ በልጧል፤ ማተሚያዎቹም ሥራ አላቸው። «180 ግራም» የሚለው ማስታወቂያ ግን ውፍረቱን እንጂ የቀረጻውን ጥራት አይነግርዎትም።

የ78 ዙር ሸክላ ከወረሱ ለብቻው ያኑሩት። ሸክላ የሚለው ስማችን ለእርሱ ይበልጥ ይስማማል፤ ቢወድቅ እንደ ገንቦ ይሰባበራል። ከነፍሳት ከሚገኝ ሸላክ ከተባለ ሙጫ የተሠራ ስለሆነ አልኮል ያሟሟዋል፤ በምንም መንገድ አልኮል ያለበት ማጽጃ አያስነኩት። ትልሙም ሰፊ ስለሆነ የራሱ መርፌ ያስፈልገዋል።

ማጽዳትና ማስቀመጥ

ከማጫወት በፊት በካርቦን ክር ብሩሽ፣ ሸክላው እየዞረ፣ ሁለት ዙር ያህል ይጥረጉት። ለቆየ እድፍ ለሸክላ የተዘጋጀ ፈሳሽ ይጠቀሙ፤ ትልሙን ተከትለው በክብ አቅጣጫ በለስላሳ ጨርቅ ያሹት፣ በዲስቲልድ ውኃ ያለቅልቁት፣ ቆሞ ይድረቅ። የቧንቧ ውኃ ሲደርቅ ማዕድኑን በትልሙ ውስጥ ይተወዋል። የመሃሉን ወረቀት አያርጥቡ። ከጸዳ በኋላ ወደ አሮጌው የወረቀት ከረጢት መመለስ ልፋትን ማባከን ነው፤ ውስጡ በስስ ፕላስቲክ የተለበጠ ከረጢት ይቀይሩለት።

ሸክላ ሁልጊዜ ይቁም። ደራርበው ካስተኙት የታችኞቹ ይጎዳሉ፣ ገደድ ብሎ ከቆመም ይጣመማል። ፀሐይና ሙቀት የባሱ ጠላቶቹ ናቸው። አንድ ኤልፒ ከነሽፋኑ ሩብ ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን 100 ሸክላ 25 ኪሎ ያህል ነው፤ መደርደሪያ ሲያሠሩ ይህን አስበው ያሠሩ።

ደብተሩ የሚመራው ስብስብ

ዛሬ 212 ሸክላዎች አሉኝ። ቁጥሩ ከዚህ ብዙ ሊበልጥ ይችል ነበር፤ ያልበለጠው አንድ ሕግ ስላለኝ ነው። የመጨረሻው የገዛሁት ሸክላ ሁለቱም ገጾች በደብተሬ ላይ ሦስት ሦስት መስመር ሳይጻፍላቸው ሌላ አልገዛም። መጀመሪያ ላይ ይህ ከብዶኝ ነበር። መግዛት ራሱ ደስ ይላል፣ መደርደሪያ ሲሞላ ማየትም ደስ ይላል። ነገር ግን የጻፍኳቸውን መስመሮች መለስ ብዬ ሳነብ ሳላውቀው የምከተለው መንገድ እንዳለ አየሁ፦ አንድ ከበሮ መቺ በሦስት የተለያዩ ሸክላዎች ላይ «ከበሮው ይስሙልኝ» አሰኝቶኛል፤ የሽፋኖቹን ጀርባ ሳነብ ሦስቱም ላይ ያው ሰው ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ እርሱ የመታባቸውን እየፈለግሁ ገዛሁ፣ ከእነርሱም አብሮት ወደሚጫወተው ፒያኒስት ተሻገርኩ። የሽፋን ጀርባ ማንበብን ልማድ ያድርጉት። የማን ስቱዲዮ፣ ማን ቀረጸው፣ ማን ምን ተጫወተ የሚለው ሁሉ ወደ ሚቀጥለው ሸክላ የሚያደርስ ነው።

ደብተሩ የመርፌዋንም ዕድሜ ይቆጥርልኛል። አንዱን ገጽ በ20 ደቂቃ እይዘዋለሁ፤ ሦስት መስመር አንድ ሰዓት ማለት ነው። እንደ ጫፏ ቅርጽ መርፌ ከ300 እስከ 1000 ሰዓት ታገለግላለች፤ የእርስዎን ከአምራቹ ወረቀት ላይ ያረጋግጡ። ያለቀች መርፌ ከመሰማቷ በፊት ትልሙን መቁረጥ ስለምትጀምር በጆሮ ብቻ አይተማመኑ።

በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ደብተሩን ከመደርደሪያው ጋር አስተያያለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም መስመር ያልተጻፈለትን ሸክላ አወጣዋለሁ፤ አንድ ምሽት ጊዜ ሰጥቼ እሰማዋለሁ፤ አሁንም የምጽፈው ካጣሁ ለሚወደው ሰው እሰጠዋለሁ። ከመስጠቴ በፊት አጸዳዋለሁ፣ አዲስ ከረጢት አለብሰዋለሁ፣ ከሽፋኑም ውስጥ በየትኛው ገጽ ቢጀምር እንደሚሻል የምትናገር ቁራጭ ወረቀት አስገባለታለሁ።